የሁሉ እናት

በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጸጉሬን ዱቄት ነስንሰው
«እናት ሁኚ» አሉኝ፣ ሌላ ስላጡ ሰው።
ፊኖ ዱቄት ነበር፣ ከሄርማታ መርካቶ፣ ሩብ ኪሎ፣
በዱቤ ደብተሬ ላይ «ለቴአትር» ተብሎ።
ተማም ልጄ ሆነ፣ በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ፤
ከመጋረጃው ወዲያ «ሲጋራ ግዢልኝ» የሚለኝ፣
ከመጋረጃው ወዲህ «እማ» ብሎ
ጉልበቴ ላይ የሚወድቅልኝ።

ሴት ጠፍቶ አልነበረም።
አንዷን ወንድሟ ከቀበሌው አዳራሽ በር ጠብቆ ወሰዳት፤
አንዷን እጮኛዋ «ወይ እኔን ወይ መድረኩን» አላት፤
ሦስተኛዋ መኪያ፣ ድምፅ የታደለችው፣
ባንክ ገባች። አልፈርድባትም።
ደሞዝ ወር ቆጥሮ ይመጣል፤
ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

እኔ ቀረሁ።
የሙሽራ እናት፣ የሌባ እናት፣ የሟች እናት፣
አንዴም የሚኒስትር እናት፣
በዚያችው በአንዲት ቀሚስ፣
እታፈራሁ ጥለቷን እየፈታች እየቀየረችልኝ።
አጋሮ፣ ሊሙ፣ በደሌ፣ በአይሱዙ ተጭነን፣
ከጄኔሬተሩና ከወንበሩ ጋር አብረን ተቆጥረን።
የወለድኳቸው ቢሰበሰቡ አንድ ቀበሌ ይሞላሉ፤
አንዳቸውም ግን
ለበዓል እንኳን አይደውሉ።

የጅማን ዝናብ ያልተጋፋ ተዋናይ አይባልም።
ቆርቆሮው ላይ ሲለቀው፣ ፈጣሪ ራሱ ቢናገር አይሰማም።
ጋሽ ወርዶፋ ከኋላ ወንበር ቆሞ፣
እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ፦
«ከጉሮሮሽ አይደለም! ከሆድሽ አውጪው!»
ከሆዴ አወጣሁት።
ሆዴ ባዶውን በዋለበትም ቀን
ከዚያው አወጣሁት።

እናቴ፣ የእውነቷ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቅቤ ሻጯ፣
አንድ ቀን መጣች።
ሦስተኛው ረድፍ፣ ቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ።
እኔ ተማምን ታቅፌ አዳራሹን በሙሉ ሳስለቅስ
እሷ ቅሏን ታብሳለች።
ሰው ሲበተን ጋሽ ወርዶፋን በር ላይ ያዘችው፦
«ስንት ነው የምትከፍላት?»
ሳቀ።
ስቆ እስኪጨርስ ቆመች።
«ስንት?»

አሁን አርባ አንድ ሞላኝ።
ባለፈው ሐምሌ አዲስ አዘጋጅ መጣ፤ ልጅ ነው፣ የዲግሪው ቀለም ያልደረቀ፣
ጸጉሬን በእርሳስ ጫፍ ገለጥ፣ ገለጥ አድርጎ ተጨነቀ፦
«ይሄ ሽበት፣ እትዬ፣ የውሸት መሆኑ ያስታውቃል።»
የራሴ ነበር።
ዱቄት ያልነካው፣ ዱቤ ያልገባበት፣
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያፈራሁት ጥሪት።

ሳቅሁ። በባጃጅ እስከ ኮቺ ድረስ ሳቅሁ፤
ሾፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ እያደረገ ያየኛል፣
ሒሳብ ሳልከፍል የምወርድ መስሎታል።
ማታ መብራት ጠፋ፤
የዱቤ ደብተሬን ገልብጬ ከጀርባው ጀመርኩ፦
አንዲት ሴት። ከደረጃ ሥር ራዲዮ የምትጠግን።
ባል አልሞተባት፣ ልጅ አልጠፋባት።
ዕድሜዋን አልጻፍኩም።
በመጀመሪያው ትዕይንት ደንበኛ ይመጣና
«ባለቤቱ የለም?» ይላታል፤
ቀና ሳትል «ምኑ ነው የተበላሸው?» ትለዋለች።
ሌላው ሁሉ ከዚያች መልስ ወጣ።

ረውዳ አነበበችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣
ከማዕድ ቤት ሥራዋ እጇን ሳትታጠብ የመጣች።
«እናቷን ማን ይሠራል?»
«እናት የለችበትም።»
ዝም አለች፤ ገጹን መልሳ ገለበጠች፣
ሽንኩርት የሸተተ ጣቷ ያረፈበት አሁንም አለ።

ልምምድ የጀመርን ዕለት ሰማዩ ተቀደደ።
ከኋላ ወንበር ቆምኩ፣ እጄ ሳላዘው ጆሮዬ ላይ ሄደ።
«ከሆድሽ» ልል አፌን ከፍቼ
ተውኩት፤ ምሳ መብላቷን አልጠየቅኋትም ነበር።
እሷ ግን ስክሪፕቱን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣
ቀጥ ብላ ቆማ፣
ያልጻፍኩላትን ቃል
በቆርቆሮው፣ በጎርፉ፣ በመናኸሪያው ጡሩምባ ሁሉ ላይ
ጥርት አድርጋ ላከችልኝ፦

«ክፍያው ስንት ነው?»

አልሳቅሁም።
ደብተሩን ገለጥኩ።